ፈፋው ሲደርቅ

የሚነበበው ክፍል፦ 1ኛ ነገሥት 17፥1-16

ዛሬ ኤልያስ ለብቻው የሄደበትን መንገድ እንከተላለን። ክፍሉን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካለ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

1. መንገዱ

ኤልያስ የገለዓድ ሰው ነው። ገለዓድ ከዮርዳኖስ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ያለ ኮረብታማ አገር ነው። በዚያ፣ በጀራሽ ከተማ አጠገብ፣ ዲቢን የሚባል የጥድ ደን እስከ ዛሬ አለ። ጥዱ የእኛ የሐበሻ ጥድ አይደለም፤ ቅጠሉ እንደ መርፌ ቀጭን ስለሆነ በደረቅ ወራት ውኃውን ቶሎ አያጣም። በዚያ አገር ዝናብ የሚዘንበው በብርድ ወራት ነው። በሰኔና በሐምሌ፣ እኛ አገር ክረምት ሲገባ፣ እዚያ ፀሐይ ነው፤ ትንንሹ ፈፋ እየቀጠነ ይሄዳል። ታዲያ ኤልያስ የተላከው ወደ ትንሽ ፈፋ ነው፤ ያውም በድርቅ ዘመን።

2. ፈፋው

በኮራት ፈፋ ቁራዎች ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመጡለት ነበር። ቁራ በሕጉ ከማይበሉት ወፎች አንዱ ነው (ዘሌዋውያን 11፥15)። እርዳታው ባልተጠበቀ በኩል መጣ።

ቁጥር 7 ላይ ግን ፈፋው ደረቀ። ምክንያቱም ተጽፏል፤ በምድሪቱ ዝናብ ስላልነበረ ነው። ልብ በሉ፣ ኤልያስ አጥፍቶ አይደለም፤ እምነቱ አንሶም አይደለም። ለሁሉ የመጣ ድርቅ እሱንም ነካው። ራሽን ሲቀንስ፣ ፕሮሰስ ሲዘገይ፣ «ጸሎትህ ስላልደረሰ ነው» የሚላችሁ ሰው ካለ ቁጥር 7ን አሳዩት። እኛም የላጋው ውኃ ሄዶ አሸዋው ሲቀር እናያለን። አሸዋውን ቆፍረው የሚቀዱትን እናቶች ማን በኃጢአታችሁ ነው ይላቸዋል?

3. ከፈፋው በኋላ

እግዚአብሔር ፈፋውን መልሶ አልሞላም። ኤልያስን ወደ ሰው ላከው። ሰራፕታ የሲዶና ከተማ ናት፤ ለእሱ የባዕድ አገር ነው። የተላከውም ወደ ባለጸጋ ቤት ሳይሆን እንጨት ወደምትለቅም መበለት ነው። ያላት በማድጋ እፍኝ ዱቄት፣ በማሰሮ ጥቂት ዘይት ነበር። ያንን ጋግራ ከልጇ ጋር በልተው ሞትን ሊጠብቁ ነበር። ዱቄቱ ጎተራ አልሞላም፤ ግን አላለቀም። ለብቻው ሲጠጣ የነበረው ሰው ከእናትና ከልጅ ጋር ማዕድ ቀረበ።

ስለዚህ ወገኔ፣ ፈፋህ ደርቆ ከሆነ ቤትህን ዘግተህ ለብቻህ አትቀመጥ። ያለህን ሁሉ ለደላላ ሰጥተህ በሌሊት ከመውጣትህ በፊት ለአንድ ወንድም ንገር። እህቴ፣ አንቺም እንዲሁ። እፍኝ ዱቄት ያላችሁ ደግሞ በራችሁን የሚያንኳኳውን ስሙት። እሱም የሚበላ አጥቶ ነው፤ ለእናንተም የተላከ ሊሆን ይችላል።

ለመወያየት

1. ባለፈው ዓመት የደረቀባችሁ ፈፋ ምንድን ነው?
2. ካልጠበቃችሁት ሰው የተቀበላችሁት እርዳታ አለ?
3. በብሎካችሁ ለብቻው የተቀመጠ ማን አለ? በዚህ ሳምንት ማን ይሂድለት?

ጸሎት

ጌታ ሆይ፣ ውኃው ሲያልቅ አንተ እንዳልሄድህ አሳየን። የምንሄድበትን በር አሳየን፤ የእኛንም በር ክፈት። አሜን።