ምዕራፍ 9፦ ፎርማት ከማድረግ በፊት

የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ደነባ የመምህሩም ሆነ የቢሮ ሠራተኛው ላፕቶፕ ስታክ ማድረግ ሲያበዛ ብዙ ጊዜ ደብረ ብርሃን ድረስ ይወሰዳል። ጥገና ቤቱ «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ማሽኑ ፈጥኖ ይመለሳል፤ የዓመታት የፈተና ጥያቄ፣ የተማሪ ውጤትና የልጆች ፎቶ ግን ጠፍተው ይቀራሉ። የሚጫነው ዊንዶውስም አብዛኛውን ጊዜ ክራክ የተደረገ ነው፤ ክራኩ እንዲሠራ ጸረ ቫይረሱ ይዘጋል፣ አብሮት ምን እንደገባ የሚያውቅ የለም። አንድ 8 ጊጋባይት ፍላሽና አንድ ከሰዓት በኋላ ካለዎት ሥራውን ቤትዎ ሆነው መጨረስ ይችላሉ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኮምፒውተሩ ይሠራል፤ ለተራዘመው ድጋፍ ካልተመዘገበ ግን አዲስ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንለት የለም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች የሚወድቁት በዚህ ቺፕ ነው። ለእነዚህ የምመክረው በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንትን፣ በተለይም ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀለል ያለ ዓይነት ነው። ከሊብሬኦፊስ ጋር ስለሚመጣ የወርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል። መሥሪያ ቤትዎ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ካለው ግን በዚያ ማሽን ላይ ዊንዶውስን አይንኩ።

ከሥራው ሁሉ ከባዱ ፋይል ማዳን ነው፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ብዙ ሰው «ዲ ላይ ያለው አይጠፋም» ሲባል ስለሰማ ተማምኖ ይቀመጣል። ይህ እውነት የሚሆነው ሲ ብቻ ፎርማት ሲደረግ ነው። ሲና ዲ ብዙ ጊዜ የአንድ ሃርድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ሊኑክስ ሲጫን «ዲስኩን በሙሉ አጥፋ» የሚለውን ከመረጡ ሁለቱም ይሄዳሉ። ስለዚህ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ዳውንሎድስ ውስጥ እንዲሁም ዲ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፤ ጥቂቶቹን በሌላ ኮምፒውተር ከፍተው ያረጋግጡ። በቆየ የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ካለዎት ፎንቱንም አብረው ይውሰዱ። እነዚያ ፎንቶች ዩኒኮድን ስለማይከተሉ፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ደብዳቤው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል።

ቀጥሎ የሚንት መጫኛ የሆነው አይኤስኦ ፋይል ይወርዳል። መጠኑ ወደ 3 ጊጋባይት ስለሚጠጋ ኔትወርክ ደህና በሆነበት ሰዓት ያውርዱት። መሐል ላይ ተቋርጦ የጎደለ ፋይል በኋላ ብዙ ያደክማል፤ በሚንት ድረ ገጽ ላይ ከተጻፈው የሻ 256 ቁጥር ጋር ያመሳክሩት። ፋይሉን እንዲሁ ፍላሹ ላይ መገልበጥ ዋጋ የለውም፤ ማሽኑ ከእሱ አይነሳም። ሩፈስ በሚባለው ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ፍላሹንና አይኤስኦውን መርጠው «ስታርት» ይበሉ። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

ላፕቶፑን ያጥፉ፤ ፍላሹን ሰክተው ሲያበሩት ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12ን፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9ን ደጋግመው ይጫኑ። ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ይምረጡ። ጥቂት ቆይቶ የሚንት ገጽ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፤ እስካሁን ግን ሃርድ ዲስክዎ አልተነካም፤ ሁሉም ነገር የሚሠራው ከፍላሹ ነው። ይህን ዕድል አይዝለሉት። ዋይፋዩ ይያዛል? ድምፁ ይሰማል? አማርኛ ጽሑፍ በትክክል ይታያል? ዋይፋዩ እምቢ ካለ የስልክዎን ኢንተርኔት በዩኤስቢ ገመድ ያጋሩት፤ የጎደለው ድራይቨር ብዙ ጊዜ በዚያ መንገድ ይወርዳል። ካልወደዱት ፍላሹን ነቅለው ላፕቶፑን እንደገና ያስነሱት፤ የድሮው ዊንዶውስ እንዳለ ይጠብቅዎታል።

ከወደዱት ፋይል ያስቀመጡበትን ሃርድ ዲስክ ይንቀሉና ገጹ ላይ ያለውን የመጫኛ ምልክት ይክፈቱ። «ዲስኩን አጥፋ» የሚለው ጋ ሲደርሱ የዲስኩን ስምና መጠን ሁለቴ ያንብቡ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይፈልጉ። ቢቋረጥም ማሽኑ አይበላሽም፤ ፋይልዎ ሌላ ቦታ ስላለ ከፍላሹ እንደገና ይጀምራሉ።

ሲጨርሱ ፍላሹን አያጥፉት። ሊኑክስ ሚንትን ለሌላ ሰው ማባዛት በሕግ የተፈቀደ ነው፤ አንዱ ፍላሽ በተራ ለአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ሁሉ ይበቃል።