ብርጭቆ ከእቶን እስከ መደብር
ለነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለውን ተረት የማያውቅ ነጋዴ የለም። ነገር ግን የብርጭቆ ዕቃ ጥንካሬው ወይም ድካሙ ገና በሠሪው ቤት ሳለ የሚወሰን መሆኑን የሚያስተውሉ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ብርጭቆ የሚያስመጣና የሚሸጥ ሁሉ የሠሪውን ቤት በዐይነ ኅሊናው እንኳ ቢጎበኝ ይጠቀማል።

ለዚህ ጉብኝት እ.ኤ.አ. በ1881 ዓ.ም. የተቋቋመው የፊንላንድ የኢታላ ብርጭቆ ፋብሪካ መልካም ምሳሌ ነው። ስሙን ያስጠሩለት ንድፍ አውጪዎች ጥበባቸውን ከአገራቸው መልክዐ ምድር የቀዱ ናቸው። ታፒዮ ቪርካላ እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. ያወጣው «ኡልቲማ ቱሌ» የተባለው ብርጭቆ፥ በሰሜኑ በላፕላንድ የሚቀልጠውን በረዶ መልክ የያዘ ነው። ቲሞ ሳርፓኔቫም እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. «ፊንላንዲያ» ለተባለው ሥራው የእንጨት ቅርጽ ማውጫ ተጠቀመ። የጋለው ብርጭቆ በገባበት ቍጥር እንጨቱ እየከሰለ ስለሚሄድ፥ የዛፍ ቅርፊት የመሰለው ገጽ ይለዋወጣል፤ አንዱም ዕቃ ከሌላው ጋር ፈጽሞ አንድ አይሆንም።

የሥራው አካሄድ እንደሚከተለው ነው። አሸዋ፥ ሶዳና የኖራ ድንጋይ ተደባልቀው ወደ 1,400 ወይም 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ይቀልጣሉ። ብዙ ዘመን በእቶን ፊት የቆየ ባለሙያ እንደ ማር የሚለጠጠውን ብርጭቆ በረዥም የብረት ቧንቧ ጫፍ ጠቅልሎ ያወጣና በትንፋሹ ይነፋዋል። ቧንቧውን ለአፍታ እንኳ ማሽከርከር ቢያቆም ብርጭቆው በክብደቱ ወደ ታች ይዘምማል።

ቅርጹ ካለቀ በኋላ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይቀራል፤ ይኸውም ማቀዝቀዝ ነው። ዕቃው ወደ 500 ዲግሪ በሚሆን ሙቀት ውስጥ ገብቶ ቀስ በቀስ ካልቀዘቀዘ፥ ላዩ ሲጠነክር ውስጡ ገና ትኩስ ስለሚሆን በመካከላቸው የተሰወረ ውጥረት ይቀራል። እንዲህ ያለው ብርጭቆ በዐይን ሲታይ እንከን የለውም፤ ነገር ግን ከብዙ ቀን በኋላ ትኩስ ውኃ ሲነካው በድንገት ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው ሠሪው ሳይሆን ሻጩ ነው።

ከዚህ ሦስት ትምህርቶች ይገኛሉ።

፩ኛ፤ በእጅ የተሠራ ዕቃ በመጠኑ መለያየቱ ጉድለት አይደለም። ይህን ያልተረዳ አስመጪ ደኅናውን ዕቃ መልሶ ከላኪው ጋር በከንቱ ይጣላል። ስለዚህ የተፈቀደው ልዩነት አስቀድሞ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ናሙናም ይያያዝ።

፪ኛ፤ የአቀዛቀዙ ነገር ይጠየቅ። የተሰወረው ውጥረት፥ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ሁለት ማጣሪያዎች መካከል ሲታይ በቀለም ይገለጣል። ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ጥቂቶቹ በዚህ ዘዴ እንዲመረመሩ ማድረግ ይገባል።

፫ኛ፤ በሣጥን ውስጥ ብርጭቆ ከብርጭቆ ጋር አይነካካ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይጠቅለል።

ዋጋው ርካሽ ስለ ሆነ ብቻ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ ዛሬ ያተረፈውን ነገ ከደንበኞቹ አመኔታ ጋር ያጣዋል። የዕቃውን አሠራር የሚያውቅ ግን ለገዢው በልበ ሙሉነት ይናገራል፤ ቃሉም ይታመናል። የደንበኛ እምነትም እንደ ብርሌው ነው፤ አንድ ጊዜ ከነቃ አይጠገንም።