260 ዩሮው ከየት መጣ?

በኅዳር 2024 (ዓመቶቹን ካልገለጽኩ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው) ፈተናዬ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ላፕቶፔ ተንቀራፈፈ። አንድ ፒዲኤፍ እስኪከፍት ቡና ይፈላል። ፍራንክፈርት ዋናው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሰውዬው ክዳኑን እንኳ ሳይፈታ «ራሙም ኤስኤስዲውም ይቀየራል፤ 260 ዩሮ» አለኝ። ገንዘቡን ያጠራቀምኩት ቅዳሜና እሑድ አረጋውያን መጦሪያ እየሠራሁ ነው፤ ከፊሉን አዲስ አበባ ላለችው የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ መግዣ አስቤው ነበር። ካርዴን ሳወጣ አብራኝ የነበረችው የክፍሌ ልጅ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና ሰውዬው እንዳይገባው በአማርኛ «ዝርዝሩን ጠይቂው» አለችኝ።

ጠየቅኩት። 16 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ። ማታ ኢንተርኔት ላይ ስናይ ሁለቱ አንድ ላይ ከነታክሳቸው 80 ዩሮ ገደማ ነበሩ። አዘዝናቸውና ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ራሳችን ቀየርናቸው። (አንድ ብሎን ተርፎናል። የት እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅንም።)

ለሱቁም እንፍረድለት። ኪራይ ይከፍላል፣ የሰው ጉልበት አለበት፣ ለሸጠው ዕቃ እንከንም በሕግ ሁለት ዓመት ተጠያቂ ነው። ለዚህ ሁሉ 50 ዩሮ ብንጨምርለት 130 ይሆናል። የቀረው 130 ዩሮ የጥድፊያዬና ያለማወቄ ዋጋ ነው።

ጀርመን ውስጥ ነጋዴን «ከዚህ በላይ አታትርፍ» የሚል አጠቃላይ ሕግ የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 138 የሰውን ችግር ወይም ልምድ ማጣት መጠቀሚያ አድርጎ እጅግ የተጋነነ ዋጋ የተጠየቀበትን ውል ፈራሽ ያደርገዋል፤ ግን ማስረዳቱ ቀላል አይደለም፣ ለ130 ዩሮስ ማን ፍርድ ቤት ይመላለሳል? ይልቅ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበትን ልንገራችሁ። በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት የመመለስ መብት በኢንተርኔት ለተገዛ ዕቃ ነው። ሱቅ ገብታችሁ የገዛችሁት እንከን ከሌለው፣ ሱቁ በፈቃዱ ካልተቀበላችሁ በቀር የእናንተው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከመክፈል በፊት ይሁን፦ ስንት ጊጋ? ራሙ ዲዲአር4 ነው ዲዲአር5? ዕቃው ስንት፣ እጅ ዋጋው ስንት?

ነርሲንግ ክፍል መድኃኒት ስናሰላ የጠርሙሱን ትልቅነት አናይም፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም አለ ብለን እንጀምራለን። እዚህም ያው ነው። 500 ጊጋው 40 ዩሮ ከሆነ አንዱ ጊጋ 8 ሴንት ነው። 1,000 ጊጋውን በ200 ዩሮ የሚሸጥላችሁ ሰው አንዱን ጊጋ 20 ሴንት እያስከፈላችሁ ነው።

ስሌቱ የሚጠቅመው ግን ዕቃው ተነቃይ ሲሆን ነው። አፕል የማክቡክ ኤርን ራም ከ8 ወደ 16 ጊጋ ለማሳደግ አሜሪካ ውስጥ 200 ዶላር ያስከፍል ነበር። በ2023 ለሌሎች ላፕቶፖች የሚሆን ተነቃይ 8 ጊጋ ራም ከ30 ዶላር በታች ይገኝ ነበር። ዓይነታቸው አንድ አይደለም፤ ያን ያህል ልዩነት ግን አያመጣም። የማክቡኩ ራም ተበይዶ ስለሚመጣ ገዢው ኋላ ሌላ ቦታ ሄዶ ርካሽ ገዝቶ አይጨምርበትም። በጥቅምት 2024 አፕል የኤሩን ዋጋ ሳይጨምር መነሻውን 16 ጊጋ አደረገው። ይቻል ነበር ማለት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ዋጋው የሚጋነነው ገና ከአምራቾቹ ነው። በግንቦት 2010 የአውሮፓ ኮሚሽን ከ1998 እስከ 2002 በራም ዋጋ ላይ የተመሳጠሩ የቺፕ አምራቾችን ከ331 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ቀጣ። የሙኒኩ ኢንፊኒዮን አንዱ ነበር፤ ምስጢሩን ያወጣው ማይክሮን ከቅጣቱ ነፃ ሆነ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዕቃው ራሱ ይጠፋል። በ2025 መጨረሻ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ማዕከላት ቺፑን ሲሻሙ የራም ዋጋ ናረ፤ ያው ማይክሮን ክሩሻል በሚለው ስም ለተራው ገዢ መሸጡን እንደሚያቆም በታኅሣሥ አስታወቀ። ስለዚህ የእኔን 80 ዩሮ ይዛችሁ ሱቅ ገብታችሁ እንዳትከራከሩ፤ የዕለቱን ዋጋ ሁለት ሦስት ቦታ እዩ።

ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። ላፕቶፕ ስታፈላልግ አንድ ሱቅ ቆማ በቪዲዮ ደወለችልኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር ስላለፈ፣ ዋጋው ጣሪያ መንካቱ ብቻውን ሻጩን ሌባ አያሰኘውም። የገረመኝ ሌላ ነው። «ኮር አይ7 ነው ይላል» አለችኝ። ሙሉውን ቁጥር አንብቢልኝ አልኳት፤ አይ7-4600ዩ። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 4 ትውልዱን ይናገራል፦ በ2013 የወጣ፣ ባለ ሁለት ኮር። አጠገቡ በ8,000 ብር የሚያንስ ባለ አይ5-8250ዩ ተቀምጧል፦ በ2017 የወጣ፣ ባለ አራት ኮር። ሻጩ 7 ከ5 ይበልጣል ብሎ ነው ዋጋ የለጠፈው። እናቴ ከጎኔ ሆና «ሂሳቡስ አልተሳሳተም» ብላ ሳቀች።

አይ5ቱን ገዛች። ከመክፈሏ በፊት ክዳኑን አስከፍታ ፎቶ ላከችልኝ፤ አንዱ የራም ማስገቢያ ባዶ ነው።