ከወላጆቹ ያልመሰለ ሕፃን፦ ስለ ዘር ውርስ

ሕፃኑ ኖኅ ገላውም ጠጉሩም ነጭ ሆኖ በተወለደ ጊዜ አባቱ ላሜሕ ፈርቶ ወደ ማቱሳላ እንደ ሄደ፣ ሄኖክም ልጁ በእውነት የላሜሕ መሆኑን እንዳረጋገጠ በመጽሐፈ ሄኖክ ተጽፏል። ይህን የምናነሣው ኖኅ አልቢኒዝም ነበረበት ለማለት አይደለም፤ የአባትየው ጭንቀት ዛሬም በየአጥቢያው የሚሰማ በመሆኑ ነው። ከጠይም ወላጆች ነጭ ገላና ነጭ ጠጉር ያለው ሕፃን ሲወለድ እናቲቱ በዝሙት ትጠረጠራለች፤ ጎረቤትም እርግማን ነው ይላል፤ ነገሩ በመጨረሻ ከንስሐ አባት ዘንድ ይደርሳል።

የውርስን ሥርዓት አስቀድሞ ያስተዋለው ግሬጎር ሜንዴል የተባለ የብርኖ ገዳም መነኩሴ ነው። ክብ ፍሬ ያለውን አተር ከተጨማደደው ጋር ቢያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ክብ ሆነ። ያ ትውልድ በራሱ ተዳቅሎ ሲያፈራ ግን 5,474 ክብና 1,850 የተጨማደደ ፍሬ ቆጠረ፤ ሦስት እጅ ለአንድ መሆኑ ነው። የተጨማደደው ባሕርይ ተሰውሮ ቆየ እንጂ አልጠፋም ነበር። ሜንዴል ይህን በ1865 እ.ኤ.አ. ቢያቀርብም በሕይወት ሳለ ብዙ ሰሚ አላገኘም።

በሰውም እንዲሁ ነው። ሕፃን 23 ክሮሞሶም ከአባቱ፣ 23 ከእናቱ ስለሚቀበል አብዛኛው ዘረ መል በጥንድ ይገኛል። ሜላኒን የተባለውን የገላ፣ የጠጉርና የዐይን ቀለም ለመሥራት ከጥንዱ አንዱ ደኅና ከሆነ ይበቃል። ስለዚህ አባትና እናት ጉድለት ያለበትን አንድ አንድ ዘረ መል ተሸክመው ምንም ምልክት ሳይታይባቸው ይኖራሉ። ሁለቱም እርሱኑ ሲያወርሱት ሕፃኑ ከአልቢኒዝም ጋር ይወለዳል። የዚህ ዕድል በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ነው። «አንዱ ተወልዷል፤ ቀጣዮቹ ሦስቱ አይነካቸውም» የሚለው ስሌት ግን ስሕተት ነው፤ ዕጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይወጣልና። የሕፃኑ ንጣት እናቲቱን የሚከስስ ማስረጃ አይሆንም፤ አባትም እኩል አውርሷል።

የቅርብ ዘመዳሞች ከአንድ አያት የመጣውን ያንኑ ስውር ዘረ መል የመሸከም ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። አባቶቻችን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት በሌላ ምክንያት ቢሆንም፣ በዚህም ረገድ እንደ ጠቀመን እናምናለን። ዝምድና የሌላቸውን ባልና ሚስትም ሊገጥማቸው ስለሚችል ግን በዘመድ ተጋብተዋል ብሎ መጠርጠር አይገባም። ደግሞም አልቢኒዝም ያለበት ሰው ያንን ዘረ መል የማይሸከም ቢያገባ ልጆቹ ስውሩን ይወርሳሉ እንጂ አልቢኒዝም አይታይባቸውም። በመንካትም ሆነ አብሮ በመብላት አይተላለፍም።

ለሰበካ ጉባኤያት የሚቀረው ሥራ አስቸኳይ ነው። የእነዚህን ልጆች ቆዳ ፀሐይ ያቃጥለዋል፤ ለቆዳ ካንሰርም ያጋልጠዋል፤ ዐይናቸውም አጥርቶ አያይም። በአብነት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ካለ ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ መጽሐፉን ወደ ዐይኑ አቅርቦ ሲያነብ ሰነፍ አይባል። ሰፊ ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ ይሟላለት። የማይሽር ቁስል ሲታይበት ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። በጥምቀት ሰልፍ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ሲወጣም ጃንጥላ የሚይዝለት ሰው አስቀድሞ ይመደብለት።