ስለ ቤንዚን ተን ማምለጥና ስለ ምርመራው ተራ

በሰልባትዮ ውስጥ ያለ ቤንዚን መኪናው ቆሞም ቢሆን መትነኑ አይቀርም። በዘመናዊ አውቶሞቢል ግን ተኑ ወደ አየር እንዳይወጣ በቱቦ ተመርቶ በከሰል ማጠራቀሚያ ይያዝና ሞተሩ ሲሠራ ተስቦ ይነዳል። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት ከ2000 እ.ኤ.አ. ሞዴል አንሥቶ የግማሽ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ እንኳ በመኪናው መቆጣጠሪያ እንዲታወቅ በደንብ ተወስኗል።

ስለዚህ የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ መመርመሪያው ፒ0442 ወይም ፒ0456 የሚል ምልክት ቢያሳይ፣ ባለንብረቱ መለዋወጫ ለመግዛት አይቸኩል። ምልክቱ ትንሽ ቀዳዳ መኖሩን ይናገራል እንጂ ስፍራውን አያመለክትም።

አንደኛ፤ የሰልባትዮው ክዳን በሚገባ መጥበቁና የላስቲክ ማሸጊያው አለመሰንጠቁ ይታይ።

ሁለተኛ፤ ቱቦዎቹና መጋጠሚያዎቻቸው፣ በከሰሉ ማጠራቀሚያ ዙሪያ ያሉትም ጭምር ይፈተሹ።

ሦስተኛ፤ ጉድለቱ በዓይን ካልተገኘ፣ መካኒኩ የአየር ማስገቢያውን ቫልቭ ዘግቶ ለዚሁ በተሠራ መሣሪያ በዝቅተኛ ግፊት ጢስ ያስገባ፤ ጢሱ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳውን ያሳያል።

ጎማ የሚነፋበት አየር ግን ፈጽሞ አይግባ፤ ግፊቱ ሰልባትዮውን ይጎዳል፣ ከተኑ ጋር የተቀላቀለው አየርም በእሳት ፍንጣሪ ሊፈነዳ ይችላል።

ይህን ተራ የጠበቀ ባለንብረት፣ ክዳን ብቻ በመለወጥ የሚድነውን መኪና በግምት ዕቃ እየለወጠ ገንዘቡን አያባክንም።