መንገድ ስንወጣ ምን እንይዛለን? ስለ ገድ፣ ስለ ክታብና ስለ ምርቃት



ዘንድሮ በባህል ቅርስ ትምህርታችን ያጠናነው ሰዎች መንገድ ሲወጡ የሚያምኑትን ምልክትና የሚይዙትን ክታብ ነው። ርእሱን የመረጥነው በአንድ ምክንያት ነው። ክፍላችን ወደ ፖላንድ ለጉብኝት ሲሄድ የአንዷ ጓደኛችን አያት እስከ አውቶቡሱ ድረስ መጥተው ሸኟት። ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው «እንትፍ፣ እንትፍ! መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» ብለው መረቋት። አውቶቡስ ውስጥ የነበርን ልጆች ሳቅን። እሷም አፍራ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። አያቷ አዩ፤ ግን ምንም አልተናገሩም።

ከጉዞው ስንመለስ ጓደኛችን ነገሩ ከልቧ ስላልወጣ በክፍል ውስጥ አነሣችው። ይህ ምርቃት አጉል እምነት ነው ወይስ ሌላ ነገር? መልሱን ለማግኘት አያቶቻችንን ጠየቅን፤ ከመምህራችን ጋርም ጠቢባን የተናገሩትን አጠናን።

፩. የመንገድ ምልክቶች

አያቶቻችን እንደነገሩን በአገር ቤት መንገደኛ ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያጋጥመውን ያስተውላል። ገዱ የቀና ሰው አለ፤ ገደ ቢስ የሚባልም አለ። ሙሉ እንስራ ያዘለች ሴት ካጋጠመች መንገዱ ይቀናል ይባላል፤ ባዶ እንስራ ከሆነ ግን ልብ ይከፋል። ቀኝ እግር ሲደናቀፍ መልካም ነው፣ ግራ ሲሆን ክፉ ነው የሚሉም አሉ። የውስጥ እግሩን የበላው ሰው ደግሞ «መንገድ ልሄድ ነው» ይላል።

እኛ መጀመሪያ ስንሰማ ሳቅን። አንድ አባት ግን እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «እናንተ መንገድ የምትሉት አስፋልት ነው። እኛ በእግር ነው የምንሄደው። ወንዙ ይሞላል፣ ሽፍታ አለ፣ ጅብ አለ፣ ቆላ ከወረድን ወባ አለ። ሰው ምን እንደሚያገኘው ካላወቀ ምልክት ቢፈልግ ምን ይገርማል?» ከዚህ ምልክት የሚፈለገው በፍርሃት ምክንያት እንደሆነ ተረዳን።

፪. ክታብ ምንድን ነው?

ክታብ በብራና ላይ በግእዝ የሚጻፍ ጸሎትና ስም ነው። ዋናው ጽሑፍ በጥቁር ቀለም፣ የተለዩ ቃላት በቀይ ቀለም ይጻፋሉ። የባለቤቱም ስም ይገባበታል። ከዚያ ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና በአንገት ወይም በክንድ ይታሰራል። በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ በሰፊው የታወቀ ነው፤ በቤተ እስራኤልም ዘንድ ክታብ የያዙ ነበሩ። ከጠየቅናቸው ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ በልጅነታቸው አስረው እንደነበር ነገሩን፤ ሌሎቹ ደግሞ «በእኛ ቤት ነውር ነበር፤ የሚጠብቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው» አሉን። ስለዚህ ሁላችንም አንድ ዓይነት ነበርን ማለት አይቻልም።

፫. ከእኛ ለመጠበቅ የታሰረ ክታብ

ከጥናታችን በጣም የከበደን ይህ ነው። ብዙ ክታብ የሚጻፈው ከቡዳ ለመጠበቅ ነበር። ቡዳ ተብለው የሚታሙት ደግሞ ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ ይህም የብዙ ወላጆቻችን ሥራ ነበር። በሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ይባልባቸው ነበር። ጎረቤት ማረሻውን ከእነርሱ ይገዛል፣ በጀበናቸው ቡና ያፈላል፤ ልጁ ግን ዓይናቸው እንዳያርፍበት በአንገቱ ክታብ ያስርለታል።

አንዲት እናት እንደነገሩን፣ ገበያ ሸክላ ይዘው ሲሄዱ ሴቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። «መንገድ ላይ እኛ ምልክት ነበርን፤ ክፉ ምልክት» አሉን። ይህን ሲሉ ክፍሉ ጸጥ አለ። አጉል እምነት ሁልጊዜ የሚያስቅ ጨዋታ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባን። አንዱ ዕድሌ እንዳይጠፋ ብሎ ሲፈራ ሌላው ሰው ይዋረዳል።

፬. የሱዳን መንገድ

ብዙዎቻችሁ የሄዳችሁበት ትልቁ መንገድ የሱዳን መንገድ ነው። በዘመቻ ሙሴ፣ እ.ኤ.አ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985፣ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ከሱዳን ወደ እስራኤል መጡ። በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ ግን ወደ 4,000 እንደሚደርሱ የሚገመቱ ወገኖቻችን አረፉ። እ.ኤ.አ በ2007 በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል።

በዚያ መንገድ ምን ይዛችሁ ወጣችሁ ብለን ጠየቅን። ጥሬ፣ በሶ፣ ውሃ አሉን። ሰንበት እንዳይሻር ዓርብ ሳይመሽ የሚሰፍሩ እንደነበሩም ነገሩን። ስለ ክታብ ስንጠይቅ አንድ ሽማግሌ «ያሰረም ወድቋል፣ ያላሰረም ወድቋል፤ ያሰረም ደርሷል፣ ያላሰረም ደርሷል» ብለው ዝም አሉ።

የጓደኛችን አያትም በዚያ ቀን ነበሩ። እንዲህ አሉ፦ «ወሬው እንዳይሰማ በሌሊት ነው የወጣነው። አባቴ ሌላ መንደር ነበር። ሳልሰናበተው፣ ሳይመርቀኝ ወጣሁ። ዳግመኛም አላየሁትም። ያን ጊዜ ልጅ ከእኔ ተለይታ መንገድ ስትወጣ ሳልመርቅ አልሰድም ብዬ ነበር።» ጓደኛችን አለቀሰች። በአውቶቡሱ የሳቅነውም አንገታችንን ደፋን።

፭. ኦሪትና ጠቢባን ምን ይላሉ?

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ጥንቆላንና ምልክት መቁጠርን ይከለክላል። በታልሙድ፣ በሳንሄድሪን፣ ጠቢባን ምልክት ቆጣሪ ማን እንደሆነ በምሳሌ ያስረዳሉ፦ እንጀራው ከአፉ ስለወደቀ፣ በትሩ ከእጁ ስለወደቀ፣ ልጁ ከኋላው ስለጠራው፣ ቁራ ስለጮኸ፣ አጋዘን መንገዱን ስላቋረጠችው፣ እባብ በቀኙ ወይም ቀበሮ በግራው ስላለፈ የሚፈራ ሰው ነው። ከአያቶቻችን ወሬ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል አያችሁ? ይህ የሰው ልጅ ሁሉ ፍርሃት ነው።

ጠቢባን ግን መንገደኛን ባዶ እጁን አልሰደዱትም። በበራኮት እንደተነገረው፣ መንገድ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ከፈጣሪው ጋር ይማከር ብለው የመንገድ ጸሎትን፣ ማለት ተፊላት ሀዴሬኽን፣ አስተማሩት። አባዬ የተባለው ጠቢብ ደግሞ ጸሎቱን «እኔን» ሳይሆን «እኛን» እያለ እንዲጸልይ አዘዘ። ብቻውን የሚሄድ ሰው እንኳ ስለ መንገደኞች ሁሉ ይጸልያል። በፔሳሒም ደግሞ ለሚጽዋ የተላከ ሰው ጉዳት አያገኘውም የሚል ቃል አለ። ከዚህ የተነሣ መንገደኛ በደረሰበት ቦታ ለድሃ የሚሰጠው ሳንቲም ይዞ እንዲሄድ የማድረግ ልማድ አለ።

፮. እዚህ አገር

ክታብ የአገር ቤት ነገር ብቻ ነው ብለን እንዳናስብ በሰፈራችን የቆሙትን መኪናዎች ተመለከትን። በመስተዋቱ ላይ ሐምሳ፣ ሰማያዊ ዓይን፣ የመንገድ ጸሎት የተጻፈበት ካርድ ተንጠልጥሏል። በብዙ የክፍል ጓደኞቻችን እጅ ላይ ቀይ ክር አለ። በቶሴፍታ ግን ቀይ ክር በጣት ላይ ማሰር ከአሞራውያን ልማድ ተቆጥሯል። እንግዲህ በአያታችን ምርቃት የሳቀው ልጅ በእጁ ቀይ ክር አስሮ ነበር ማለት ነው!

፯. ምን ተማርን?

ሦስቱን ነገሮች ለየን። ገድ መቁጠር ዕድልን በእንስራና በቁራ ላይ ይጥላል። ክታብ ሰው ለራሱ ብቻ የሚያስረው ነው፤ አንዳንዴም ሌላውን ሰው ይበድላል። ምርቃት ግን ከሌላ ሰው አፍ የሚወጣ ጸሎት ነው፤ ማንም ራሱን አይመርቅም። ሽማግሌ ይመርቃል፣ ሁሉም «አሜን» ይላል። ስለዚህ ለመንገድ ጸሎት ዘመድ እንጂ ለክታብ ዘመድ አይደለም ብለን እናምናለን።

ለሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ስንሄድ አያቷ እንደገና አውቶቡሱ ድረስ መጡ። ጓደኛችን ራሷ ጎንበስ አለችላቸው። እኛም ከአውቶቡስ ወርደን ተሰለፍን። ፊቱን የጠረገ አልነበረም።

በቤት ለመወያየት፦
ወላጆቻችን ሆይ፣ ከአገራችሁ ስትወጡ ማን መረቃችሁ? ሳይመርቃችሁ የቀረስ ማን ነው? እባካችሁ ስማቸውን ንገሩን፤ እኛም እንጻፈው።