ለመምህርነት ውድድር ወደ አዳማ የሚጓዝ ሰው ስለሚለብሰው ልብስ

ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት የሚወዳደር ሰው ልብሱን መምረጥ የሚገባው ለፈታኞቹ ዓይን ብቻ ሳይሆን ለመንገዱም፣ ለአየሩም፣ ለጥቁር ሰሌዳውም ጭምር አስቦ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች እነዚህ ሦስቱ ልብስን ክፉኛ ስለሚፈትኑ፣ ማለዳ ከቤቱ አስተኩሶ የለበሰውን ሙሉ ልብስ በፈተናው አዳራሽ ደጃፍ ላይ ተጨማዶና አቧራ ጠጥቶ የሚያገኘው ተወዳዳሪ ብዙ ነው። ልብሱ ከጎረቤት የተዋሰው ወይም በብድር ያሰፋው የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ኀዘኑ እጥፍ ይሆናል።

አዳማ ለዚህ ጥናት ጥሩ ምሳሌ ናት። ከተማይቱ ናዝሬት ትባል በነበረበት ዘመን፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ በገባው የጅቡቲ ምድር ባቡር መስመር ላይ የምትገኝ የጣቢያና የገበያ ከተማ ሆና አደገች። በ1993 እ.ኤ.አ. በዚያው የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተቋቋመ፤ ይኸውም ተቋም ደረጃ በደረጃ አድጎ በ2011 እ.ኤ.አ. አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ወደ ደቡብ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አሰላ ላይ አርሲ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በአዳማ አቅራቢያም የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። ስለዚህ በየዓመቱ ከየአገሩ ዲግሪያቸውን ይዘው ለውድድር ወደነዚህ ቦታዎች የሚመላለሱት ወጣቶች፣ ለሥራው ገበያ ተወዳዳሪዎች ሲሆኑ ለከተማው ነጋዴ ደግሞ ደንበኞች ናቸው።

የቅጥር ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው የመመዝገቢያ ጊዜ ከ10 የሥራ ቀን እምብዛም አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ለፈተና ያለፉት ሰዎች ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይወጣና ቀኑ ይነገራል። በዚህ መካከል ባለው ጊዜ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ተለክቶ፣ ሞክሮና አስተካክሎ አዲስ ልብስ መረከብ የማይሆን ነገር ነው፤ በተለይም ወራቱ እንቁጣጣሽን፣ መስቀልንና ኢሬቻን ወይም ፋሲካን ያጠጋ ከሆነ ሰፊው ቀጠሮውን አያከብርም ቢባል ስም ማጥፋት አይሆንም። እንግዲህ ለውድድር የሚሆን ልብስ መዘጋጀት ያለበት ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት፣ ቢቻል በምረቃው ወራት ነው። ለምረቃ ቀን የሚሰፋው ልብስ ይህን ሁለተኛ ተግባር እንዲፈጽም ተደርጎ ቢታሰብ ወጪው አንድ፣ ጥቅሙ ግን ሁለት ይሆናል።

ስለ ጨርቁ ሲነገር አስቀድሞ የአገሩን ከፍታ ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ግድም፣ መልካሳ ደግሞ 1,550 ሜትር ያህል ላይ ይገኛሉ። የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ6 ዲግሪ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ ከአዲስ አበባ በማለዳ የሚነሣ ሰው አዳማ ሲደርስ ከፍታው ብቻ 4 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨምርበታል፤ የቀኑ ፀሐይ ሲታከልበት የበለጠ ይሆናል። በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የፍጥነት መንገድ ጉዞውን ስላሳጠረው፣ ሰውነት ለውጡን ሳይላመደው ተጓዡ ፈታኞቹ ፊት ይቀርባል። ወደ አሰላ የሚወጣው ሰው የሚገጥመው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እርሱ ከሙቀቱ ተነሥቶ ወደ ጭላሎ ተራራ ግርጌ ስለሚወጣ፣ ለአዳማ የሚበቃው ስስ ኮት በዚያ አይበቃውም፤ ከኮቱ ሥር ስስ ሹራብ መጨመር ግድ ይለዋል።

ከዚህ የተነሣ ለአዳማ የሚስማማው ግማሽ ገበር ያለው ቀላል የሱፍ ኮት ነው። የተልባ እግር ጨርቅ ቢቀዘቅዝም ከመኪና ሲወርዱ እንደ ተኮማተረ ወረቀት ይሆናል፤ ፖሊስተር ብቻ የሆነው ደግሞ አይጨማደድም እንጂ ላብ አምቆ ይይዛል። ሱፍ ከሁለቱ መካከል ነው፤ በእርጥብ አየር ውስጥ አንድ ሌሊት ቢሰቀል ጭምድዱን ራሱ ይለቃል። ዋጋው ካልተቻለ የሱፍና የፖሊስተር ቅይጥ ይበቃል። ኮት ጨርሶ የሌለው ሰውም ቢሆን ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ በደንብ ከተተኮሰ ሱሪ ጋራ ቢለብስ፣ ትከሻው የማይገጥም የውሰት ኮት ካጠለቀው ተወዳዳሪ ይልቅ ተከብሮ ይታያል።

ስለ ቀለሙም ብዙዎች ይሳሳታሉ። ጥቁር ልብስ የክብር ልብስ ነው ተብሎ ስለሚታመን ሁሉም ወደ ጥቁሩ ያዘነብላል። ነገር ግን አዳማ የነፋስ አገር ናት። በ2012 እ.ኤ.አ. 51 ሜጋዋት፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ 153 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በዙሪያዋ ኮረብታዎች ላይ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ይኸው ነፋስ በበጋው ወራት የሚያነሣው ነጣ ያለ ደቃቅ አቧራ በጥቁር ጨርቅ ላይ እንደ ዱቄት ጎልቶ ይታያል። ግራጫ ወይም ቡናማ ግን አቧራውን ይሸሽጋል። በክፍል ውስጥ የሚበነው ጠመኔም በግራጫው ላይ አይለይም፤ በዚህ ረገድ የድሮ መምህራን ግራጫ ካፖርት መውደዳቸው ጥበብ ነበረው።

ለሌላ መሥሪያ ቤት ከሚደረግ ቃለ መጠይቅ ይህን የሚለየው ትልቁ ነገር የማስተማር ሙከራው ነው። ተወዳዳሪው ከጽሑፍ ፈተናው ሌላ በፈታኞች ፊት ቆሞ፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ያስረዳል። ተቀምጦ ሲያዩት ያማረ ኮት እጅ ወደ ላይ ሲነሣ ብብቱ ላይ ይይዛል፣ ሸሚዙም ከሱሪው ይወጣል፤ አስተማሪው ልብሱን ሲጎትት ትምህርቱ ይቋረጣል። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለፈተና ሲቀርብ የሚለብሰው ካባና ነጭ ሸሚዝ በደንብ ተጽፎ ተወስኗል፤ እዚህ ግን የተጻፈ ደንብ ተወዳዳሪውን ስለማይረዳው ራሱ መመርመር አለበት። ምርመራውም ቀላል ነው፤ ልብሱን ለብሶ በቤቱ ግድግዳ ላይ ከራሱ በላይ ጀምሮ እስከ ወገቡ ድረስ አምስት መስመር እንደሚጽፍ ሰው እጁን ያንቀሳቅስ። ልብስ ሰፊም ደንበኛው መምህር መሆኑን ሲሰማ ሲለካው እጁን አስነሥቶ ቢለካው ይመረጣል። በቴክኒክ ዘርፍ የሚወዳደርና ወደ መሣሪያ ክፍል የሚገባ ከሆነ ግን ከረባቱን አስቀድሞ ማውለቅ አለበት፤ በሚሽከረከር መኪና አጠገብ የተንጠለጠለ ከረባት ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ነው።

ለሴት ተወዳዳሪ ነፋሱ ይበልጥ የሚታሰብ ነው። ሰፊና ስስ ቀሚስ ከባጃጅ ስትወርድ ያስቸግራታል፤ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ከበድ ያለ ጨርቅ ያለው ጉርድ ወይም ሱሪ ይሻላታል። ሻሽ ወይም ሒጃብ የምታደርገውም በመርፌ ቁልፍ ብታጠብቀው ሰሌዳው ፊት እጇ ነጻ ይሆናል። የአገር ባህል ልብስ ክቡር ቢሆንም፣ ነጭ ጥበብን በበጋ አቧራ ውስጥ ለብሶ መጓዝ ልብሱንም ባለቤቱንም ማድከም ነው።

ጫማ አዲስ መሆን የለበትም፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት የተረገጠ ይሁን። የቆዳ ጫማ በአቧራ ላይ ቀለም ከተቀባ ይጠቁራል እንጂ አይወለወልም፤ ስለዚህ ሊስትሮው አስቀድሞ በእርጥብ ጨርቅ እንዲጠርገው መንገር ይገባል። ሊስትሮውም ዘንድ መሄድ ከጉዞው በኋላ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ነው እንጂ ከመሳፈር በፊት አይደለም።

ከሻሸመኔ፣ ከአርሲ ነገሌ ወይም ከባቱ የሚመጣው ሰው በሞጆ በኩል ረጅም ሰዓት ተቀምጦ ስለሚጓዝ የፈተናውን ልብስ ለብሶ መምጣት የለበትም። ኮቱ ተገልብጦ፣ ገበሩ ወደ ውጭ ሆኖ፣ አንዱ ትከሻ በሌላው ውስጥ ገብቶ ይታጠፍና በንጹሕ ፌስታል ይጠቀለላል። ይህ ጥቅል በመኪናው ጣራ ላይ ሳይሆን በጉልበት ላይ ይቀመጣል፤ የትምህርት ማስረጃውም ከእርሱ ጋራ ይሁን። የሚችል ሰው ከዋዜማው ገብቶ ቢያድርና ልብሱን ቢሰቅለው የተሻለ ነው።

ነጋዴውም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አለው። ልብስ የሚያከራዩ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት የሙሽራና የሚዜ ልብስ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ክሳድ ያለው ኮትና ፓፒዮን ደግሞ ለሰርግ ቤት እንጂ ለትምህርት ክፍል አይሆንም። ከዚሁ ጋራ ጥቂት ተራ ግራጫ ኮቶችን በየልኩ አስቀምጦ ለአንድ ቀን ማከራየት ብዙ ካፒታል የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ለመያዣም መታወቂያ ይበቃል። ሥራ ያልያዘ ተመራቂ ለአንድ ማለዳ ብሎ የወራት ዕዳ ከሚገባ ይህን ቢያገኝ ይመርጣል። ልብስ አጥበው የሚተኩሱ ቤቶችም ፈተና ባለበት ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ቢከፍቱና መብራት ቢጠፋ የከሰል ካውያ ቢያዘጋጁ ገበያ አያጡም። ፈተናው 3 ሰዓት ሲጀምር 2 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን የሚከፍት ቤት ግን ይህን ደንበኛ አያገኘውም።